ስለ ማረሻና ስለ ባለ እጁ፤ የገጠርን ኑሮ ለሚያሳዩ ቤተ መዘክሮች የቀረበ ትችት

የገጠርን ኑሮና የእጅ ሥራን በቤተ መዘክር ሰብስቦ ማሳየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ዛሬ ብዙ ክርክር አያስነሣም። ጥቅሙን ሁሉ ይቀበለዋል። ነገር ግን ምን ይታይ፣ እንዴት ይታይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በማን ስም ይታይ የሚለው ጥያቄ ገና በቂ ምርመራ ያልተደረገበት ነው። ይህ ጽሑፍ በነቀምቴ ከተማ የሚገኙትን ሁለት ስፍራዎች፤ ይኸውም የወለጋን ቤተ መዘክርና የኩምሳ ሞረዳን ግቢ መነሻ አድርጎ፤ ቤቶችና መሣሪያዎች በሜዳ ላይ እንደ ቆሙ ስለሚታዩበት የቤተ መዘክር ዓይነት አንዳንድ አሳብ ለማቅረብ የታሰበ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመኖች፤ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሜዳ ላይ የሚታይ ቤተ መዘክር የሚባለው ከየአውራጃው የተነሡ ቤቶች፣ ጎተራዎች፣ ወፍጮዎችና የእጅ ባለሙያ ደጆች በአንድ ሰፊ መስክ ላይ እንደገና ተተክለው፤ ጎብኚ በመካከላቸው እየተመላለሰ የሚያያቸው ስፍራ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ በኵር ተብሎ የሚጠቀሰው አርቱር ሃሴልዩስ የሚባል ስዊድናዊ በ1891 በስቶክሆልም የከፈተው ስካንሰን ነው። ሃሴልዩስ ይህን ያደረገው ባቡርና ፋብሪካ የአገሩን የገጠር ኑሮ በፍጥነት ሲለውጡት አይቶ፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ለማዳን ነበር። ዛሬ በስካንሰን 150 ያህል ቤቶች ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ ዴንማርክም፣ ኖርዌይም፣ ሌሎችም አገሮች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

የስካንሰን ትልቅ ሥራው ዕቃን ከመስታወት ሣጥን አውጥቶ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ማንኪያው በገበታው ላይ፣ ገበታው በምድጃው አጠገብ፣ ምድጃው በቤቱ ውስጥ ሲታይ፤ ተመልካቹ የዕቃውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይማራል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋራ ሁለት ጉድለቶች አብረው መጡ። አንደኛው፤ ገበሬው ሁልጊዜ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሁልጊዜ በበዓል ላይ ሆኖ፣ ረኀብና ዕዳ እንደማያውቅ ሆኖ መታየቱ ነው። ሁለተኛውና ይልቁንም የከበደው፤ የሰሜኑን የሳሚ ሕዝብ ሰዎች ከነድንኳናቸውና ከነአጋዘናቸው አምጥቶ በመስኩ ላይ ማስቀመጡ ነው። ቤትን ማሳየትና ሰውን ማሳየት በአንድ ሚዛን የሚታዩ ነገሮች አይደሉም፤ ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአፍሪካ ምድር ይህን አሳብ በራሱ መንገድ ያስኬደው በኒጀር ርእሰ ከተማ በኒያሜ በ1959 የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። ቡቡ ሃማ የሚባሉት የአገሩ የታሪክ ሰውና መሪ አሳቡን ሲያንቀሳቅሱ፤ ፓብሎ ቱሴ ደግሞ የመጀመሪያው ኀላፊ ሆኖ ሥራውን መርቷል። በዚያ የሃውሳ፣ የሶንጋይ፣ የቱዋሬግና የፉላኒ ቤቶች በመስክ ላይ ተተክለው ይታያሉ። ከስካንሰን የሚለየው ግን በመካከላቸው አንጥረኞች፣ ቆዳ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ሥራቸውን እየሠሩ የሚሸጡበት ስፍራ መደረጉ ነው። ባለ እጁ በዚያ የሚገኘው ሊታይ ሳይሆን ሊሠራ ነው፤ የሚመለከተው ሰውም ተመልካች ብቻ ሳይሆን ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

በአገራችንም ይህ ጥናት ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕዝቦች ልማድ ጥናት ማኅበር በ1950ዎቹ ተማሪዎች የየትውልድ አገራቸውን የልደት፣ የጋብቻ፣ የቀብርና የሥራ ልማድ እየጻፉ እንዲያቀርቡ ያደርግ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በ1963 ሲመሠረት፤ በስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትጋት የተሰበሰበው የዕቃ ክምችት ለቤተ መዘክሩ መሠረት ሆነ። ቤተ መዘክሩ ኋላ ላይ ዕቃዎቹን በየነገዱ ከመለየት ይልቅ፤ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ተራ አደራጅቶ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው። እንዲህ ሲደረግ የአንዱ አገር የሕፃን ማዘያ ከሌላው አገር የሕፃን ማዘያ አጠገብ ይቀመጣል፤ ተመልካቹም ከልዩነቱ አስቀድሞ ሰውነትን ያያል።

እንግዲህ ወደ ነቀምቴ እንምጣ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የወለጋ ዋና ከተማ ናት። ከጨለለቂም ሆነ ከሌላው የከተማይቱ ሰፈር ተነሥቶ ጥቂት የተጓዘ ሰው ከማሳውና ከገበሬው አጥር ይደርሳል። ይህ ቅርበት ለነቀምቴ የተለየ ዕድል ይሰጣታል። በስቶክሆልም ቤተ መዘክር የታየው ዕቃ ከመንደሩ ጨርሶ የጠፋ ነበር፤ በነቀምቴ ግን በቤተ መዘክር ውስጥ የተቀመጠው የዕቃ ዓይነት ወንድሙ ገና በገበያ ይሸጣል፤ እኅቱ ገና በጓዳ ታገለግላለች። ስለዚህ የወለጋ ቤተ መዘክር ተመልካች እንደ እንግዳ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለቤትም የሚመለከት ሰው ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣች ሴት በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰፌድ አይታ የስፌቱን ጥሩነት ወይም መጥፎነት ልትፈርድ ትችላለች።

በወለጋ ቤተ መዘክር የወለጋ ኦሮሞ የእንጨት ሥራ፣ የስፌት ሥራ፣ የፈትል መሣሪያና የሙዚቃ መሣሪያ ይታያል። ከዚሁ ጋራ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን የቀረ የአውሮፕላን ስብርባሪ አለ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሰኔ ወር 1936 (በ1928 ዓ.ም.) በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ማጥፋታቸው በታሪክ የታወቀ ስለሆነ፤ ይህን ስብርባሪ የሚያይ ሰው ሁሉ ወዲያው ዘመኑን ያስባል፤ ማን መጣ፣ ማን ተዋጋ ብሎ ይጠይቃል። አሁን ከአውሮፕላኑ ወደ ሰፌዱ ዞር እንበል። በአገራችን ቤተ መዘክሮች በአብዛኛው እንደ ተለመደው፤ ሰፌድ የሚቀርበው «ባህላዊ ሰፌድ» ተብሎ ነው። መቼ ተሰፋ፣ ማን ሰፋችው፣ በስንት ቀን አለቀ፣ ለማን ሠርግ ነበር የሚል ጥያቄ አይነሣበትም። ብረቱ ታሪክ አለው፤ ስፌቱ ግን ባህል ብቻ አለው። ባህል የሚለውም ቃል በዚህ አኳኋን ሲነገር ዘመን የሌለውና ባለቤት የሌለው ነገር ማለት ይሆናል።

በዚያችው ከተማ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ግቢው የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መኖሪያ የነበረ ነው። ሞረዳ በከሬ በ1882 ለምኒልክ ገብተው አገራቸውን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ በ1889 የተተኩት ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ግቢው ከ1974 አብዮት በኋላ ከቤተ ሰቡ እጅ ወጥቶ በመጨረሻ ለሕዝብ መጎብኛ ሆኗል። ከዚህ ቤት የተገኙትን ደብዳቤዎች አለሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ በ2004 በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። እነሆ የገዢው ስም፣ የአባቱ ስም፣ ማዕርጉና የተጻጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ተጠብቆ ደርሶናል። ጎብኚም የሚመጣው የጌቶቹን ስም ይዞ ነው። ነገር ግን የግቢውን እንጨት የጠረበው፣ ሣሩን የከደነው፣ ለምሳሌያው መጥረቢያ የቀጠቀጠው፣ ለግብሩ ጠጅ ጋኑን የሠራችው እነማን ነበሩ? ይህ ጥያቄ የገዢዎቹን ታሪክ የሚያሳንስ አይደለም፤ የታሪኩን ሌላ ግማሽ የሚፈልግ ነው።

የዚህን ጽሑፍ ዋና አሳብ ግልጽ ለማድረግ ከማረሻ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የገጠርን ኑሮ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ሁሉ የሚያርሰውን ሰው መሣሪያ ሳያስቀምጥ አይቀርም፤ መግለጫውም «የገበሬ መሣሪያ» የሚል ይሆናል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። መሣሪያውን እንፍታውና እንመልከት። ሞፈሩን፣ ዕርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ገበሬው ራሱ ወይም እንጨት የሚያውቅ ጎረቤቱ ከዛፍ መርጦ ይጠርባቸዋል። ምድሩን የሚሰነጥቀው ማረሻና የሚያጠብቀው ወገል ግን ብረት ናቸው፤ ከገበሬው እጅ አይወጡም፤ በቀጥቃጩ ወናፍና መዶሻ የተሠሩ ናቸው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋራ የሚያስረው ምራን ደግሞ ጠፍር ነው፤ ቆዳውን የሚያለፋና የሚቆርጥ እጅ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በአንድ ጥማድ በሬ በስተኋላ የሚሄደው ሰው አንድ ቢሆንም፤ በእጁ የያዘው መሣሪያ የሦስት ሙያ ሥራ ነው።

ይህ የሙያ ክፍፍል ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭና ፋቂ የሚባለው ቆዳ ሠሪ፤ በአማራውም አገር ጠይብ፣ ፋቂ፣ ባለ እጅ እየተባሉ የሚጠሩት ወንድሞቻቸው፤ ለረጅም ዘመን ከሌላው ሰው ተለይተው የኖሩ ናቸው። ሠርተው ያበላሉ፤ ከእነርሱ ጋራ ግን ጋብቻ አይፈለግም። ማረሻቸው በእርሻው መካከል ይገባል፤ እነርሱ ግን ከመንደሩ ዳር ይሰፍራሉ። ቡዳ የሚለው ክፉ ስምም በእነርሱ ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። ሸክላ የሚሠሩትም ሴቶች የዚሁ ንቀት ተካፋዮች ነበሩ፤ በእንስራቸው ውሃ የማይጠጣ፣ በምጣዳቸው የተጋገረ የማይበላ ሰው አልነበረም፤ ከእጃቸው የሚቀበለው ሰው ግን ከእነርሱ ጋራ በአንድ ገበታ አይቀርብም ነበር።

የመንግሥት ሕግም ይህን ነገር ሳይመለከተው አልቀረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 (በ1900 ዓ.ም.) ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን ከለከሉ፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፤ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ የሚቈጠር መሆኑን ገለጹ። ይህ ዐዋጅ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ስድብን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ክብር መስጠት ሌላ ነገር ነው። ዐዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ዓይንን ግን አይከፍትም። ዓይንን መክፈት የትምህርት ቤትና የቤተ መዘክር ሥራ ነው።

ከዚህ የተነሣ ክሱ ይህ ነው፤ ቤተ መዘክር እንስራውን አክብሮ በመስታወት ውስጥ ሲያስቀምጥና ሠሪዋን ሳይጠቅስ ሲቀር፤ ሳያስበው የቀድሞውን ልማድ ይደግመዋል። የቀድሞው ልማድም በትክክል ይህ ነበር፤ ዕቃውን መውሰድና ሰውየውን ከደጅ ማቆም። በሜዳ ላይ የሚታይ መንደር ቢሠራ ደግሞ ስሕተቱ ይብስ ይሆናል። የገበሬው ጎጆ፣ ጎተራውና በረቱ በሚገባ ተሠርቶ፤ የቀጥቃጩ ወናፍ የሚነፋበት ዳስና የሸክላ ሠሪዋ መተኮሻ ስፍራ ከተረሳ፤ የታየው መንደር አይደለም፤ የመንደሩ ትዕቢት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ተራ ተቃውሞ አይደለም። የባለ እጁ ስም ቢጻፍ የቀድሞውን ስድብ አንቀስቅሶ ልጆቹን ሊያሳፍር ይችላል፤ ዝምታ ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ በቸልታ መታለፍ አይገባውም። መልሱ ግን በቤተ መዘክሩ ሹም መሰጠት የለበትም፤ በባለ እጁ በራሱ መሰጠት አለበት። ስሜ ይጻፍ የሚለው ይጻፍለት፤ አይጻፍ የሚለው ፈቃዱ ይጠበቅለት። ስሙ ባይጻፍ እንኳ ሙያው በትክክል ሊገለጽ፣ ዕቃው የተሠራበት አገርና ዘመን ሊነገር ይቻላል። ዝምታ ግን ለሁሉ በአንድነት ሲታዘዝ ጥበቃ መሆኑ ይቀርና ፍርድ ይሆናል።

ዘመንን መግለጽ ይቻላል ማለታችን ባዶ ምኞት አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ይናገራልና። በምዕራብ ወለጋ ቀደም ባለው ዘመን ብረትን ከአፈሩና ከድንጋዩ እያቀለጡ የሚያወጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ኋላ ግን ከውጭ የመጣው ብረት ይህን ከባድ ሥራ አስቀረው፤ ቀጥቃጩም የአሮጌ መኪና ባሌስትራ እየገዛ ማረሻና ማጭድ ይሠራበት ጀመር። ስለዚህ ማረሻው ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ከሆነ፤ መኪና ወደ አገሩ ከገባ በኋላ የተሠራ ለመሆኑ ምስክር አያሻውም። በቤተ መዘክር እንዲህ ያለውን ማረሻ «ንጹሕ ባህላዊ አይደለም» ብሎ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ይልቁንም ከአሮጌው አጠገብ ቢቀመጥ፤ ቀጥቃጩ ዘመኑን እያየ የሚሠራ አስተዋይ ሰው እንጂ የጥንት ቅሪት አለመሆኑን ያስረዳል። በፕላስቲክ ጀሪካን ምክንያት እንስራ ገበያው ሲቀንስ፤ ምጣድና ጀበና ግን ገዢ ማግኘታቸው ለምን እንደ ሆነ መግለጽም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር እንበል። በወለጋ የገጠር ጎጆ ክብ ሆኖ በእንጨትና በጭቃ ይሠራል፤ በሣር ይከደናል። ብዙ ጊዜም የሚሠራው በደቦ ነው። ደቦ የሚለው ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም መነገሩ ራሱ ልማዱ የጋራ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ጎጆ በቤተ መዘክር መስክ ላይ ተክሎ ባዶውን ማቆም የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን አይቻልም። ሣሩንና እንጨቱን ከተባይና ከእርጥበት የሚጠብቀው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ነው። እሳት የማይነድበት ጎጆ፤ ያውም እንደ ወለጋ ዝናብ በሚበዛበት አገር፤ ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። እሳት እንዲነድ ደግሞ የሚያነድ ሰው ያስፈልጋል፤ ክዳኑ እንዲታደስ ሣር የሚያጭድና የሚከድን ባለሙያ ያስፈልጋል። እንግዲህ ጎጆ ራሱ ለቤተ መዘክር ሕግ አይገዛም፤ ያለ ሰው መኖርን እንቢ ይላል። ዕቃን ከሰው ለይቶ ማቆየት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ስለ ቋንቋም መናገር ያስፈልጋል። የወለጋን ሕዝብ ንግግርና ተረት የመሰብሰብ ሥራ ከዕቃው መሰብሰብ ብዙ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ ባሳተሙት የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ፤ አስቴር ከቃል የያዘችው ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ገብቷል። ኦኔሲሞስም በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ አስተምሯል። ላምበርት ባርቴልስም በ1983 ባሳተመው ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት በሚናገር መጽሐፉ የሕዝቡን ቃል እንደ ተነገረ አስፍሯል። እነዚህ ሰዎች ቃሉን ከነተናጋሪው ማክበርን አሳይተውናል። በቤተ መዘክር የሚቀመጥ ዕቃም በመጀመሪያ ሠሪውና ተጠቃሚው በሚጠራበት በኦሮምኛ ስሙ መጠራት፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛና በሌላ ቋንቋ መተርጐም ይገባዋል። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ መሆኑን መናገር መልካም ነው፤ እንጨቱ በኦሮምኛ ወደሳ፣ በአማርኛ ዋንዛ የሚባለው መሆኑን መጨመር ግን ከዕቃው ወደ ዛፉ፣ ከዛፉም ወደ ደኑ ያደርሳል።

ከላይ እንመለስበታለን ያልነው ነገር ይህ ነው። ባለ እጁ በቤተ መዘክር ይገኝ ስንል ሰውየው ራሱ እንደ ዕቃ ይታይ ማለታችን አይደለም። የሳሚዎቹ ነገር ያስተማረን ይህ ነው፤ ሰው ኑሮውን ለተመልካች እንዲኖርለት ከተደረገ ክብሩ ይወሰዳል። የኒያሜው መንገድ የተሻለ የሆነው ሥራውን ስለሚያሳይ ነው። ቀጥቃጩ ለገበሬ ማረሻ እየሠራ፣ ዋጋውን ራሱ እየተናገረ፣ ገንዘቡንም ራሱ እየተቀበለ የሚታይ ከሆነ፤ ጎብኚው በሠራተኛ ፊት ቆሟል። ለጎብኚው ደስታ ብቻ መዶሻ የሚያነሣና የሚጥል ከሆነ ግን በተዋናይ ፊት ቆሟል። በመጀመሪያው ዓይነት ስፍራ ተማሪ መጠየቅ ይችላል፤ ብረቱ መቼ እንደ ጋለ በምን ታውቃለህ? ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ጭቃው ከምን ጋራ ይቀላቀላል? ይህን የሚመልስ ሰው መምህር ነው። በአገራችን ባለ እጅ መምህር ተብሎ የተጠራበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ ቤተ መዘክር ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

በነቀምቴ እንዲህ ያለ በሜዳ ላይ የሚታይ ስፍራ ቢታሰብ አሳቡ የሚደገፍ ነው። የኩምሳ ሞረዳ ግቢ የገዢውን ቤት ይዟል፤ የወለጋ ቤተ መዘክር ዕቃውን ይዟል፤ ገበያውና ገጠሩ ደግሞ ሠሪውን ይዘዋል። የጎደለው አራተኛ ሕንፃ አይደለም፤ ሦስቱን የሚያገናኝ አሳብ ነው። አሳቡም በሁለት በሬ ፊት በተቀመጠው መሣሪያ ላይ ሊጻፍ ይችላል። «የገበሬ መሣሪያ» የሚለው ተነሥቶ፤ እንጨቱን ማን እንደ ጠረበው፣ ብረቱን ማን እንደ ቀጠቀጠው፣ ጠፍሩን ማን እንዳለፋው በሦስት መስመር ይጻፍ። ከእነዚህ ሦስቱ ሰዎች የልጅ ልጆች ሦስቱ በአንድ ክፍል የሚማሩ ተማሪዎች ሆነው አንድ ቀን በአንድነት ሊያነቡት ይችላሉ። ያን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ እንኳ የሚያፍርበት ነገር እንዳያገኝ አድርጎ መጻፍ፤ እርሱ የዚህ ጥናት ፈተና ነው።